ነጭ ኮሎኒ ሆኖ ጂን የሌለበት ለምንድን ነው? (ፒዩሲ19፣ አምፒሲሊን፣ ኤክስ-ጋል)

አጋር_ሳህን
ሰላም ለሁላችሁ። ውጤቱን በቁጥር ላስቀምጥና አስተያየታችሁን ልጠይቅ።

ቬክተሩ (ጂኑን የሚሸከመው ክብ ዲኤንኤ፣ ማለትም ፕላዝሚድ) ፒዩሲ19 ነው፤ በኢኮ-አር-ዋን (ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ብቻ የተቆረጠ፣ የጫፎቹ ፎስፌት ያልተነሳ። የሚገባው ጂን ወደ 700 ቤዝ ጥንድ የሚሆን የፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ) ውጤት ሲሆን ሁለቱም ጫፉ በኢኮ-አር-ዋን ተቆርጧል። ሴሉ ዲኤች5-አልፋ የተባለው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዓይነት ነው። ሳህኑ ኤልቢ አጋር፣ አምፒሲሊን 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር፣ ኤክስ-ጋል (ሲቆረጥ ሰማያዊ የሚሆን ውህድ) እና አይፒቲጂ (ቆራጩን ኢንዛይም የሚያስነሣ) ላዩ ላይ ተቀብቶ፣ በ37 ዲግሪ ለ26 ሰዓት የቆየ።

የሚጠበቀው ጂን የገባበት ነጭ፣ ያልገባበት ሰማያዊ እንዲሆን ነው። የወጣው፦ ሰማያዊ 240፣ ነጭ 70። ከነጮቹ 10 ተመርጠው በኤም13 ፕራይመሮች (ጂኑ የሚገባበትን ቦታ ከሁለት ወገን የሚይዙ አጫጭር ዲኤንኤዎች) ኮሎኒ ፒሲአር ተሠራላቸው። 3ቱ 850 አካባቢ፣ 4ቱ 150 አካባቢ ባንድ ሰጡ፤ 3ቱ ምንም አልሰጡም። ዲኤንኤ ያልተጨመረበት ኮንትሮል ሳህን ንጹህ ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ጂን ሳይገባ ኮሎኒው እንዴት ነጭ ሆነ? በትልልቆቹ ሰማያዊ ኮሎኒዎች ዙሪያ የተረጩት ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው? ካናማይሲን ወዳለው ቬክተር ብቀይር ይሻላል?

ቬክተር_ጠጋኝ
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሦስት ይመስላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው። መለያ ጂን የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ እኛ ደግሞ ያልጠየቅነውን ጭምር የመለሰልን ይመስለናል።

አምፒሲሊንን የሚቋቋመው ጂን «ፕላዝሚድ ገብቷል ወይ?» የሚለውን ይመልሳል። ፕላዝሚዱ ባዶ ይሁን ጂንህን የያዘ፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ላክ-ዜድ-አልፋ (ለሰማያዊው ቀለም የሚያስፈልገው የጂን ቁራጭ) ደግሞ «ይህ ቁራጭ ጤነኛ ነው ወይስ ተሰብሯል?» የሚለውን ይመልሳል። በምን እንደተሰበረ ግን አይናገርም። ያንተ ጂን መሐል ገብቶ ይስበረው፣ ኑክሌዝ (ዲኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም) ጫፉን በልቶት ይበላሽ፣ ቀለሙ ያው ነጭ ነው።

አሠራሩን በቅርብ ብታየው ይገባሃል። የዲኤች5-አልፋ ክሮሞሶም የሚሠራው ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ከ11ኛው እስከ 41ኛው ያሉት አሚኖ አሲዶች የጎደሉት ነው፤ ብቻውን አይሠራም። ፒዩሲ19 የጎደለውን የፊት ክፍል ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሴሉ ውስጥ ሲገናኙ ኢንዛይሙ ይሟላል፣ ኤክስ-ጋልን ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ቁራጭ በኦክስጅን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲያያዝ ውሃ የማያሟሟው ሰማያዊ ቀለም ይሆናል። ስለማይሟሟ ነው ቀለሙ ወደ አጋሩ ሳይፈስ ኮሎኒው ላይ የሚቀረው። ጂን የሚገባበት ቦታ ያለው በዚሁ የፊት ክፍል ውስጥ ነው።

እንግዲህ 150 የሰጡህ 4ቱ ነጮች ባዶ ቬክተር ናቸው፤ ባዶ ፒዩሲ19 እንደ ፕራይመሩ ዓይነት ከ100 እስከ 150 ይሰጣል። ለምን ነጭ ሆኑ? ኢኮ-አር-ዋን ሲቆርጥ 4 ቤዝ የሚያህል ነጠላ ጫፍ ይተዋል። ቆይቶ የተበላሸ ኢንዛይም ወይም በደንብ ያልጸዳ ዲኤንኤ ውስጥ ያለ ኑክሌዝ ያንን ጫፍ ይበላዋል። ከዚያ ላይጌዝ የተላጡትን ጫፎች ያገናኛቸዋል፤ 4 ቤዝ ጎደለ ማለት ነው። 4 ለ3 ስለማይካፈል የንባብ ፍሬሙ ይዛባል፣ ላክ-ዜድ-አልፋ አይሠራም፣ ኮሎኒው ነጭ ይሆናል። ጂን የለም፣ ነጭ ግን አለ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከእነዚያ ከ4ቱ ፕላዝሚድ አውጣና አንዱን ክፍል በኢኮ-አር-ዋን፣ ሌላውን በሂንድ-ስሪ (ሌላ ቆራጭ ኢንዛይም) ቁረጥ። ሂንድ-ስሪ ቆርጦት ኢኮ-አር-ዋን ካልቆረጠው ቦታው ጠፍቷል፤ ጫፉ ተበልቷል።

ሰማያዊ_ኮሎኒ
በጥቃቅኖቹ ነጠብጣቦች ላይ ልጨምር፤ ባንድ ያልሰጡት 3ቱም ከዚህ የመጡ ይመስለኛል።

ሳተላይት ኮሎኒ ናቸው። 26 ሰዓት ብዙ ነው። አምፒሲሊንን የሚሰብረው ቤታ-ላክታሜዝ ከሴሉ ውስጠኛ ሽፋን ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ እየቆየ ወደ አጋሩ ያፈተልካል። በትልቁ ኮሎኒ ዙሪያ ያለው አምፒሲሊን ይሰበርና መድኃኒት የሌለበት ክብ ይፈጠራል። አምፒሲሊን የሚገድለው የሴል ግድግዳ እየገነባ በማደግ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው፤ ሳያድግ ተኝቶ የቆየው ፕላዝሚድ አልባ ሴል አይሞትም። መድኃኒቱ ሲጠፋለት ይነሣና ይበቅላል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በል፦ ፕላዝሚድ የሌለው ዲኤች5-አልፋ የአልፋው ቁራጭ ስለሌለው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ስለዚህ ሳተላይት በሰማያዊና ነጭ ሳህን ላይ ልክ እንደ ምትፈልገው ኮሎኒ ይመስላል። የምትለየው በመጠኑና በቦታው ነው። እውነተኛው ነጭ ኮሎኒ መጠኑ ከሰማያዊዎቹ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ከ16 ሰዓት በፊት ይታያል፣ ለብቻውም ይቆማል። ሳተላይቱ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ ዘግይቶ ይመጣል፣ ትልቅ ኮሎኒ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይከማቻል።

የማደርገው ይህ ነው፦ ሳህኑን ከ16 እስከ 18 ሰዓት ላይ ማውጣት፣ ከ20 አለማሳለፍ፣ ወዲያው ፍሪጅ 4 ዲግሪ ላይ ማስቀመጥ። ሰማያዊው ገና ፈዛዛ ከሆነ ጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜ ላይ ሲቆይ ይደምቃል፤ ለቀለሙ ብሎ ኢንኩቤተር ውስጥ ማቆየት ሳተላይት መጋበዝ ነው። ኮሎኒው እጅግ ከተጨናነቀ 100 ማይክሮ ሊትር ከመዝራት 10 ማይክሮ ሊትሩን በ90 ማይክሮ ሊትር ሚዲያ አሟሙቶ መዝራት። ካርበኒሲሊን ካለ በአምፒሲሊን ፈንታ በዚያው መጠን መጠቀም ይቻላል፤ ቶሎ ስለማይሰበር ሳተላይት ይቀንሳል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

መፈተኛው፦ ባንድ ያልሰጡትን 3ቱን አዲስ የአምፒሲሊን ሳህን ላይ ስትሪክ አድርጋቸው (በመስመር ዝራቸው)። ሳተላይት ከሆኑ አይበቅሉም።

ፒፔት_20
ስለ አምፒሲሊን ስቶክ (ተሟሙቶ የሚቀመጠው ክምችት) ላንሣ። የላብራቶሪ ደረጃ ያለው ዱቄት ሲጠፋ ከፋርማሲ የሚገዛው ይሠራል ወይ? ካፕሱል የሚፈቱ አሉ።

ሰማያዊ_ኮሎኒ
ካፕሱሉ አይመከርም። ካፕሱል ውስጥ ያለው አምፒሲሊን ትራይሃይድሬት ነው፤ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ከማጣበቂያና ከመሙያ ጋርም ተቀላቅሏል። ደፍርሶ ይቀራል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደገባ አታውቅም።

የመርፌው ዱቄት ግን ሶዲየም አምፒሲሊን ነው፤ ውሃ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሟሟል። የ1 ግራም ብልቃጥ በ10 ሚሊ ሊትር ንጹህ የተጣራ ውሃ ስታሟሟው 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል። በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፈህ በ1 ሚሊ ሊትር ቱቦዎች ከፋፍለህ ከዜሮ በታች 20 ላይ አስቀምጥ። አንዱን ቱቦ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ያዳክመዋል። ከዚህ ስቶክ በ1 ሚሊ ሊትር ሚዲያ 1 ማይክሮ ሊትር፣ በግማሽ ሊትር 500 ማይክሮ ሊትር ነው።

መለያውን ግን አንብቡ። ብልቃጡ «አምፒሲሊን ከሰልባክታም ጋር» ካለ አትንኩት። ሰልባክታም ቤታ-ላክታሜዝን የሚያስር ነገር ነው፤ ፕላዝሚድ የገባባቸው ሴሎችም ይሞታሉ፣ ባዶ ሳህን ይዛችሁ «ትራንስፎርሜሽኑ (ፕላዝሚዱን ወደ ሴል ማስገባቱ) አልሠራም» ትላላችሁ። «ከክሎክሳሲሊን ጋር» የሚለውም እንደዚያው ይቅር፤ የክብደቱ ከፊል ሌላ መድኃኒት ስለሆነ መጠኑ ይዛባል።

የአንደኛ_ፎቅ_ላብ
መድኃኒቱ የሚበላሸው ስቶኩ ላይ ብቻ አይደለም፤ አጋሩ ውስጥ ሲጨመር ነው ብዙ ጊዜ የሚሞተው። ከአውቶክሌቭ የወጣ አጋር 50 ወይም 55 ዲግሪ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠርሙሱን በባዶ መዳፍ ይዞ ያለ ችግር መቆየት ከተቻለ ደርሷል። ከዚያ በታች ከወረደ ደግሞ ሲፈስ ይጓጉላል።

ለ1 ሊትር ኤልቢ፦ ትሪፕቶን 10 ግራም፣ የእርሾ ጭማቂ 5 ግራም፣ ጨው 10 ግራም፣ አጋር 15 ግራም። በ90 ሚሊ ሜትር ሳህን ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር። የአምፒሲሊን ሳህን ተገልብጦ፣ ታሽጎ፣ 4 ዲግሪ ላይ እስከ 4 ሳምንት፤ ለወሳኝ ሥራ ከ2 ሳምንት ባያልፍ እመርጣለሁ።

አዲስ አበባና መሰል ከፍታ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር። ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደርሷል የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት 2,300 ሜትር ላይ ያው 15 ፒኤስአይ የሚሰጠው ወደ 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። የሙቀት መለኪያ ያለው አውቶክሌቭ ከሆነ ግፊቱን ትታችሁ ሙቀቱን ተከተሉ። ክብደት የሚጫንበት ቋሚ ድስት ከሆነ ግፊቱን መጨመር አይቻልም፣ መሞከርም አያስፈልግም፤ ከ15 ደቂቃ ፈንታ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በደንብ ባልጸዳ ሚዲያ ላይ የሚበቅለው ስፖር ሠሪ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አምፒሲሊንን በራሱ ይቋቋማል፤ ላክ-ዜድ-አልፋም ስለሌለው ነጭ ነው። ኮንትሮሉ ንጹህ ስለሆነ ያንተ ሳህን ላይ ይህ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግን ይጠቅመዋል። ደረቅ፣ የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ኮሎኒ ካያችሁ ኢ. ኮላይ አይደለም።

ቬክተር_ጠጋኝ
ስለ ኮንትሮል ልናገር፤ አንድ ኮንትሮል ብቻ ነው የጠቀስከው። የመለያ ጂን ንባብ ያለ ኮንትሮል ግምት ነው። ቢያንስ አራት ያስፈልጋሉ።

ዲኤንኤ የሌለበት ሴል፤ ይህ አንቲባዮቲኩ መሥራቱን ያሳያል። ያልተቆረጠ ፒዩሲ19፤ ይህ ሴሉ ዲኤንኤ የመቀበል ብቃት እንዳለውና ኤክስ-ጋሉ እንደሚሠራ ያሳያል፤ ሁሉም ሰማያዊ መሆን አለበት። ተቆርጦ ላይጌዝ ያልገባበት ቬክተር፤ እዚህ ላይ የሚበቅለው ኢንዛይሙ ሳይቆርጠው የቀረ ነው። ተቆርጦ ላይጌዝ የገባበት፣ ጂን ግን የሌለበት ቬክተር፤ ይህን ነው አንተ የምትፈልገው። እዚህ ሳህን ላይ የሚወጣው የነጭ ቁጥር ጫፋቸው ተበልቶ የተዘጉትን ይነግርሃል። ይህ ሳህን 30 ነጭ ካለው፣ ከ70ዎቹ ነጮችህ 30 ያህሉ ከመጀመሪያውም ባዶ ናቸው።

ብቃቱን በቁጥር አስላ። 100 ፒኮ ግራም ፒዩሲ19 በ50 ማይክሮ ሊትር ሴል፣ 950 ማይክሮ ሊትር ኤስኦሲ (ሴሉ የሚያገግምበት ሚዲያ) ተጨምሮ፣ 100 ማይክሮ ሊትር ከተዘራ ሳህኑ ላይ ያረፈው 10 ፒኮ ግራም ነው። 150 ኮሎኒ ከወጣ 15 ሚሊዮን ኮሎኒ በማይክሮ ግራም ማለት ነው። ለላይጌሽን ከ10 ሚሊዮን በታች ከሆነ ሴሉን ቀይር። መብራት ጠፍቶ ከዜሮ በታች 80 የነበረው ፍሪዘር ከቀለጠ ሴሉ ዳግም ቢቀዘቅዝም ብቃቱ አይመለስም፤ ሳይለኩ መጠቀም ጊዜ ማባከን ነው።

240ው ሰማያዊ ደግሞ የመጣው በአንድ ኢንዛይም ቆርጠህ ፎስፌቱን ስላላነሣህ ነው። ቬክተሩ ከራሱ ጋር መዘጋት ይቀልለዋል። ፎስፋቴዝ ጨምር፣ ወይም ጂኑን በሁለት የተለያዩ ኢንዛይሞች አዘጋጅ። የጂንና የቬክተር ሬሾው 3 ለ1 ይሁን፦ 50 ናኖ ግራም ቬክተር ከወሰድክ፣ 50 በ700 ተባዝቶ ለ2,686 (ለፒዩሲ19 ርዝመት) ሲካፈል 13፣ በ3 ሲባዛ 39 ናኖ ግራም ጂን። በላይጌዝ በፈር (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ኤቲፒ በተደጋጋሚ መቅለጥ ስለሚሞት በትንሽ በትንሹ ከፋፍለህ አስቀምጠው።

መምህር_ባዮ
ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እስከ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ድረስ በመማሪያ መጻሕፍት የሚታየው ፒቢአር322 የተባለው ፕላዝሚድና ኮሎኒዎችን ወደ ሌላ ሳህን የመቅዳት የማኅተም ዘዴው ነው። ሰማያዊና ነጩ ከመጣ በኋላ ያ ዘዴ ዛሬ ጥቅም አለው? በተግባር ለማሳየት ምን ይጠንቀቁ?

ሰማያዊ_ኮሎኒ
መምህር፣ ለማስተማር ከእሱ የተሻለ የለም ብል አላጋነንኩም፤ ተማሪው የጎደለውን ነገር አይቶ የገባውን እንዲያውቅ ያስገድደዋል።

ፒቢአር322 በ1977 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ 4,361 ቤዝ ጥንድ ፕላዝሚድ ነው፤ የአምፒሲሊንና የቴትራሳይክሊን መቋቋሚያ ጂኖች አሉት። ባም-ኤች-ዋን እና ሳል-ዋን የሚቆርጡት ቴትራሳይክሊኑ ጂን ውስጥ ነው፤ ፒኤስቲ-ዋን አምፒሲሊኑ ውስጥ። በባም-ኤች-ዋን ጂን ካስገቡ አምፒሲሊኑ ጤነኛ ይሆናል፣ ቴትራሳይክሊኑ ይሰበራል። እርስዎ የሚፈልጉት ኮሎኒ አምፒሲሊን ላይ የሚበቅል፣ ቴትራሳይክሊን ላይ የሚሞት ነው። የሚሞተውን ኮሎኒ ከሞተበት ሳህን ማንሣት ስለማይቻል ቅጂው ያስፈልጋል፤ ኢስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳዩት የከፈይ ጨርቅ ማኅተም እዚህ ይገባል።

ሲሠሩት፦ ዋናው ሳህን አምፒሲሊን ብቻ ያለበት ይሁን፤ ኮሎኒው ከ50 እስከ 150 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ገና ትንንሽ ሳሉ ይጠቀሙባቸው፣ ትልልቆቹ ሲታተሙ ይደፈቃሉ። የከፈዩ ጨርቅ በአውቶክሌቭ ጸድቶ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ኮሎኒዎቹ ይቀላቀላሉ። ሳህኖቹ ከመታተማቸው በፊት ክዳናቸው ተከፍቶ ንጹህ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይድረቁ። የእያንዳንዱ ሳህን ጀርባ ላይ 12 ሰዓት አቅጣጫ ላይ ምልክት ይደረግ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ቴትራሳይክሊኑን ሳህን፣ ቀጥሎ አምፒሲሊኑን ያትሙ። የመጨረሻው ሳህን ላይ የሚያርፈው ሴል ያነሰ ነው። አምፒሲሊኑ መጨረሻ ላይ ታትሞ ከበቀለ፣ ቴትራሳይክሊኑ ላይ ያልበቀለው በመድኃኒቱ እንጂ ሴል ሳይደርሰው ቀርቶ አለመሆኑን እርግጠኛ ይሆናሉ።

የከፈይ ጨርቅ ካስቸገረ የጸዳ የጥርስ እንጨት ይበቃል፦ ሳህኑን ጀርባው ላይ በካሬ ከፋፍለው ቁጥር ይስጡ፣ ከአንድ ኮሎኒ ነክተው መጀመሪያ ቴትራሳይክሊን፣ ከዚያ አምፒሲሊን ላይ በዚያው ቁጥር ያስነኩ። 50 ኮሎኒ በዚህ መንገድ ማየት ይቻላል።

ቴትራሳይክሊኑ ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር፤ ስቶኩ በ70 በመቶ ኢታኖል፤ ብርሃን ስለሚያበላሸው ቱቦውም ሳህኑም በፎይል ይጠቅለል። ማግኒዥየም ያለበት ሚዲያ አይጠቀሙ፤ ማግኒዥየም ይይዘውና ያዳክመዋል፣ ያኔ ሁሉም ይበቅላል። የሴሉን ዓይነትም ይመልከቱ፦ ኤክስኤል1-ብሉ ከተፈጥሮው ቴትራሳይክሊንን ይቋቋማል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፍሎረሰንት
ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) ያለበትን ፕላዝሚድ መጠቀም፣ ረጅም ሞገድ ባለው አልትራቫዮሌት መብራት ማየት፣ የሚያበራውን መውሰድ። አንድ ሳህን፣ አንድ መብራት።

ቬክተር_ጠጋኝ
ለክፍል ማሳያ እስማማለሁ። ጂኤፍፒ ግን «ይህ ጂን ተነቧል ወይ?» ለሚለው ነው መልስ የሚሰጠው፤ የጠያቂው ጉዳይ ሌላ ጂን መግባቱን ማወቅ ነው። ጂኤፍፒውን ሰብሮ የሚገባ ጂን ከሆነ ደግሞ የምትፈልገው የማያበራውን ነው፤ ያው ተመልሰህ ነጭ ኮሎኒ ላይ ደረስክ። የማያበራበት ምክንያት ብዙ ነው።

ፒግሎ የተባለውን ፕላዝሚድ ለምሳሌ ውሰድ። ጂኤፍፒው ያለው በአራቢኖዝ በሚከፈት ፕሮሞተር ሥር ነው። አራቢኖዝ የሌለበት የአምፒሲሊን ሳህን ላይ ፕላዝሚዱ ቢኖርም ኮሎኒው አያበራም። ሚዲያው ውስጥ ግሉኮስ ካለ አራቢኖዝ ቢኖርም ፕሮሞተሩ ይታፈናል፤ ስለዚህ ለማገገሚያ ከተጠቀምከው ኤስኦሲ ብዙ ፈሳሽ ወደ ሳህኑ አታፍስ። ፕሮቲኑ የሚያበራውን ክፍሉን ለመጨረስ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሳህኖችን በላስቲክ አጥብቆ ጠቅልሎ ማስገባት ያደበዝዘዋል። መብራቱ ከ365 እስከ 395 ናኖ ሜትር ይሁን። 254 ናኖ ሜትር ያለውን አትጠቀም፤ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ይጎዳል፣ ዓይንንም ይጎዳል።

ፍሎረሰንት
ትክክል ነው፤ ለጠያቂው ዓላማ አይሆንም። ገዳይ ጂን ያላቸው ቬክተሮችስ? ጂን ካልገባ ሴሉ ይሞታል፤ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም።

ቬክተር_ጠጋኝ
እነዚያ ጥሩ ናቸው። ሲሲዲ-ቢ ያለበት ቬክተር ባዶ ሆኖ ከተዘጋ የዲኤንኤ ጋይሬዝን መርዞ ሴሉን ይገድላል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። የኤፍ ፕላዝሚድ ያላቸው ሴሎች፣ ጄኤም109ና ኤክስኤል1-ብሉን ጨምሮ፣ ማርከሻው ስላላቸው አይሞቱም፤ ዲኤች5-አልፋ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ጫፉ ተበልቶ የተዘጋ ቬክተር ገዳዩን ጂንም ስለሚሰብር በሕይወት ይተርፋል። ያ የጫፍ መበላት ችግር እዚህም ይከተልሃል፤ በመለያው ለውጥ አይድንም።

አጋር_ሳህን
ስለ ካናማይሲኑ ያልተመለሰ አለ። ደግሞም አንዳንዶቹ ኮሎኒዎች ፈዛዛ ሰማያዊ ናቸው፤ እነሱን የት ላድርጋቸው?

ሰማያዊ_ኮሎኒ
ካናማይሲን ሳተላይቱን ያጠፋልሃል። መቋቋሚያው ኢንዛይም ሴሉ ውስጥ ሆኖ መድኃኒቱን ስለሚቀይር አካባቢውን አያጸዳም፤ መድኃኒቱም ሪቦዞም ላይ ሠርቶ ይገድላል። መጠኑ 50 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር። ዋጋው የማገገሚያ ሰዓቱ ነው። በአምፒሲሊን ሴሉን ከ42 ዲግሪ በኋላ ሳታስቆይ ብትዘራውም ብዙው ይተርፋል፤ በካናማይሲን ግን ኢንዛይሙ አስቀድሞ መሠራት አለበት፤ በኤስኦሲ ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ እየተናወጠ ሙሉ 1 ሰዓት ካልቆየ ፕላዝሚድ የገባበትም ይሞታል። ያንተን 4 ባዶ ነጮች ግን ካናማይሲን አይፈታም።

ፈዛዛዎቹን አትጣል። የገባው ቁራጭ አጭር ከሆነ፣ ርዝመቱ ለ3 ተካፍሎ መሐሉ ላይ የማቆሚያ ኮዶን ከሌለው፣ ላክ-ዜድ-አልፋ ረዝሞም ቢሆን በመጠኑ ይሠራል፤ ቀለሙ ይፈዛል። ከነጮቹ ጋር 2 ወይም 3 ፈዛዛ ጨምረህ በፒሲአር እይ። ሁሉም ሳህን ላይ በአንድ ወገን ፈዞ በሌላው ከደመቀ ግን የአቀባብ ችግር ነው።

አቀባቡ፦ ለ20 ሚሊ ሊትር ሳህን 20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር የሆነ ኤክስ-ጋል 40 ማይክሮ ሊትርና 100 ሚሊ ሞላር አይፒቲጂ 40 ማይክሮ ሊትር። በ100 ማይክሮ ሊትር ውሃ አብረህ ቀላቅለህ ቀባው፤ ብቻውን 40 ማይክሮ ሊትር ከቀባህ ነጠብጣቡ ባረፈበት ይቀራል። በ37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ከደረቀ በኋላ ሴሉን ዝራ። ኤክስ-ጋሉ የሚሟሟው በዲኤምኤፍ ነው፤ ዲኤምኤፍ ፖሊስቲሪንን ስለሚያቀልጥ ብርጭቆ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ተጠቀም፣ በፎይል ጠቅልል፣ ጓንትህን አትርሳ፣ አየር በሚመጥ ሳጥን ሥር ሥራ። ስቶኩ ቢጫ ወይም ሮዝ ከሆነ አልፎበታል። ሚዲያው ላይ ግሉኮስ አትጨምር። ሴሉ ደግሞ ቢኤል21 ከሆነ የራሱ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ሙሉ ስለሆነ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀለሙ ምንም አይናገርም።

የአንደኛ_ፎቅ_ላብ
ኮሎኒ ፒሲአሩ ላይ፦ ባንድ አለመስጠት ሁልጊዜ ጂን የለም ማለት አይደለም። ሰው ኮሎኒውን በሙሉ ዝቆ ይከታል፤ የሴሉ ፍርስራሽ ኢንዛይሙን ያፍነዋል። የቲፑ ጫፍ ኮሎኒውን አናቱ ላይ ብቻ ይንካ፤ መጀመሪያ ቁጥር የተሰጠበት አዲስ የአምፒሲሊን ሳህን ላይ ይንካ፣ ከዚያ 20 ማይክሮ ሊትር ውሃ ውስጥ ይነከር። 95 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ፣ ጥቂት ማዞር፣ ከላይኛው ፈሳሽ 1 ማይክሮ ሊትር ለ20 ማይክሮ ሊትር ፒሲአር። አጋሩን አትቧጥጡ። ከላይጌሽኑ የተረፈ ዲኤንኤ አጋሩ ላይ ተቀብቶ አለ፤ ያንን ይዞ የሚመጣ ቲፕ ፕላዝሚድ ለሌለው ኮሎኒም ባንድ ይሰጣል። ለዚህ ነው አዲስ ሳህን ላይ ካደገ በኋላ የሚሠራው ፒሲአር የበለጠ የሚታመነው።

ሳህኖቹን ስትጨርሱ በአውቶክሌቭ ወይም በ10 በመቶ በረኪና 30 ደቂቃ ሳታቆዩ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉ። እነዚህ መድኃኒት የሚቋቋሙ ጂኖችን የተሸከሙ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ወደ ፍሳሹ መሄድ የለባቸውም። በረኪና የተደረገበትን አውቶክሌቭ አታስገቡ፣ የሚመርዝ ጋዝ ያወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 አሉ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየተቋማችሁ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ።

አጋር_ሳህን
የተባለው ሁሉ ተሠርቷል። አዲስ የአምፒሲሊን ሳህን ላይ ስትሪክ የተደረጉት ባንድ አልባ 3 ኮሎኒዎች፦ 2ቱ አልበቀሉም፤ 1ዱ በቅሎ፣ ሴሉ አንሶ በድጋሚ ፒሲአር ሲሠራለት 850 ሰጠ። 150 ከሰጡት ከ4ቱ የወጣውን ፕላዝሚድ ሂንድ-ስሪ ቆረጠው፣ ኢኮ-አር-ዋን 3ቱን አልቆረጠም፤ አንደኛውን ቆረጠው። አሁን ጂን ያላቸው 4 ኮሎኒዎች አሉ፤ በኢኮ-አር-ዋን ሲቆረጡ 2.7 ኪሎ ቤዝና 700 ይሰጣሉ። አቅጣጫቸውን እንዴት ልለይ? ጂኑ ውስጥ ከመነሻው 150 ቤዝ ላይ ሂንድ-ስሪ አለው።

ቬክተር_ጠጋኝ
ኢኮ-አር-ዋን የቆረጠው ያ አንዱ ባዶ ወይ ከሰማያዊ ጎረቤት ጋር ተቀላቅሎ የተነሣ ነው፣ ወይ ፕላዝሚዱ ሌላ ቦታ ላይ ተጎድቷል፤ በኤክስ-ጋል ሳህን ላይ ነጠላ ኮሎኒ እስኪወጣ ስትሪክ አድርገው፤ ሰማያዊና ነጭ ተለያይቶ ከወጣ መልሱ መቀላቀል ነው።

አቅጣጫው ቀላል ነው፤ ሂንድ-ስሪው ተርፎልሃል። ፒዩሲ19 ላይ ኢኮ-አር-ዋንና ሂንድ-ስሪ ጂን በሚገባበት ቦታ ሁለት ጫፎች ላይ ናቸው፤ መሐላቸው 50 ቤዝ ያህል ነው። አራቱንም በሂንድ-ስሪ ብቻ ቁረጥ። የጂኑ መነሻ ወደ ቬክተሩ ሂንድ-ስሪ ከዞረ 150 ላይ 50 ተጨምሮ 200 የሚያህል ቁራጭ ይወጣል። መጨረሻው ወደዚያ ከዞረ 550 ላይ 50 ተጨምሮ 600 ይወጣል። 200ው ቶሎ ሮጦ እንዳይጠፋብህ ጄሉን 2 በመቶ አድርገው፣ የ100 ቤዝ ላደርም (የርዝመት መለኪያ) አብረህ አሩጥ። ከዚያ የቀረውን ለሲኩዌንሲንግ የምትልከው በኤም13 ፕራይመር ነው፤ 700ውን ከሁለቱም ወገን ማንበብ ይበቃል።